በሩን ዝጉ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ አልነበረም። ለሠራተኛው ሁሉ «እትዬ በሩን ዝጉ» ናት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ቀለም ቀቢዎቹ እኛ ነን ይላሉ፣ እንጨት ቆራጮቹም ያንኑ ይላሉ። ማንም ያውጣው፣ ልክክ ያለ ስም ነው። ያንን በር ከፍቶ አንገቱን ብቅ ያደረገ ሰው ሁሉ፣ ገና «እንዴት አደርሽ» ሳይል፣ ከውስጥ የሚቀበለው ቃል ይኸው ነበር፦ «በሩን ዝጉ! ኧረ በሩን!»

ክፉ ሴት ሆና እንዳይመስላችሁ። ክፋት በአጠገቧም አላለፈ። ነገሩ የሥራዋ ጠባይ ነው፤ ልንገራችሁ።

ፋብሪካው የልጆች መጫወቻ መኪና ይሠራል። ከእንጨት የተጠረበ ገላ፣ አራት የፕላስቲክ ጎማ፣ ሁለት ቀጭን የብረት ዘንግ፤ መኪናዋ ይህችው ናት። የእሷ ሥራ መኪኖቹን መፈተን ነው። በክፍሏ አንድ ጥግ መንደርደሪያ የሚሉት አለ፤ ከደረቷ ትይዩ ጀምሮ ቁልቁል ወርዶ ወለሉ ላይ የሚያልቅ ልሙጥ ጣውላ። ከጣውላው ሥር ጀምሮ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ድረስ ጠባብ፣ ጸጉራም ምንጣፍ ተዘርግቷል። ምንጣፉን አቋርጦ ቀይ መስመር አለ። ከየካርቶኑ አንዷን መኪና ታወጣለች፣ ጣውላው አናት ላይ ታስቀምጣለች፣ ትለቃለች። መስመሩን ካለፈች ካርቶኑ ወደ ገበያ ይሄዳል። ካላለፈች ተመልሶ ወደ ጎማ ክፍል። በቃ፣ ሌላ የለም። ጠዋትም ያው፣ ከሰዓትም ያው፤ ክረምት አልፎ በጋ ሲገባም ያው።

መንደርደሪያውን የገጠመው መሐንዲስ ደግ ሰው ነበር። ሥራውን ሲያስረክባት ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ታናሽ እህቱ ቆጥሮ አስረዳት። «እዚህ አናት ላይ ስትቀመጥ ዝም ብላ የቆመች ትመስልሻለች» አላት። «ግን ጉልበት አላት። ከፍታው የሰጣት ነው፤ እምቅ ጉልበት ይሉታል። ስትለቂያት ያ ጉልበት ወደ ሩጫ ይለወጣል። ታች ስትደርስ ደግሞ ሰበቃ ይጠብቃታል። ዘንጉ ከእንጨቱ፣ ጎማው ከምንጣፉ እየተፋተገ ጉልበቷን ቆንጥሮ ቆንጥሮ ይጨርሰዋል። ከፍታው ለሁሉም እኩል ነው፤ ማንኛዋ ሩቅ እንደምትሄድ የሚለየው ሰበቃው ነው። ስለዚህ አደራ፣ ልቀቂ እንጂ አትግፊ። በጣትሽ ጫፍ ብትነኪያት እንኳ ያንቺን ጉልበት ጨመርሽባት ማለት ነው። ያኔ ፈተናው ውሸት ይሆናል።»

«ልቀቂ እንጂ አትግፊ» የምትለዋን ቃል እንደ መሐላ ያዘቻት። ንፋስም ያው እንደ መግፋት ነው። ያ ክፍል ድሮ መስኮት ነበረው፤ በመስኮቱ የገባ ንፋስ ቀላሏን መኪና ወዲያም ወዲህም እያደረገ ሲያስቸግር በብሎኬት ደፈኑት። ግድግዳው ላይ የመስኮቱ ቅርጽ ዛሬም ይታያል፤ ልስኑ ከሌላው ልስን ትንሽ ነጣ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው በሩ ብቻ ሆነ፣ በሩም ተዘጋ። ከራሷ በላይ አንድ ረጅም ነጭ መብራት ቀኑን ሙሉ ጥዝዝ ሲል ይውላል። ውጭ ዝናብ ይሁን ፀሐይ የምታውቀው በር ከፍቶ በሚገባ ሰው ጫማ ነው።

እንዴት ቻለችው ትሉ ይሆናል። ምን ታድርግ! እናታቸው ስትሞት ታናሽ እህቷ ገና ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። ሚጣ ይሏታል፤ ዛሬ ትልቅ ሴትዮ ሆናም ሚጣ ናት። እሷን ማሳደግ ነበረባት፣ አሳደገቻት። በመካከሉ አንድ ሰው ነበር፤ እንጨት ቆራጭ፣ አንገተ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ሌላ ከተማ ሥራ አገኘና «አብረን እንሂድ» አላት። «ሚጣ ትምህርቷን ትጨርስ» አለችው። «እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለ። ጠበቀም፣ እውነት ለመናገር ጠበቀ። ከዚያ ግን ሰው ነውና ሰለቸው። እሷም አልወቀሰችውም፤ ብቻ ለብዙ ጊዜ የመጋዝ ድምፅ በሰማች ቁጥር የያዘቻትን መኪና ሳትለቅ ትቆይ ነበር።

ሚጣ ትምህርቷን ጨረሰችና የት ብትገባ ጥሩ ነው? እዚያው ፋብሪካ፣ ጎማ ክፍል። ጎማ ክፍል ማለት ግን ሌላ ዓለም ነው። ግቢው ውስጥ ያለ፣ ሦስት ጎኑ ክፍት የሆነ ሰፊ ዳስ፤ ሴቶቹ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ዘንግ እያስገቡ፣ ጎማ እየመቱ፣ እየተሳሳቁ፣ አንዷ የሌላዋን ባል እያማች የሚውሉበት። የሚጣ ሳቅ ከሁሉም ይልቃል። ጎበዝም ናት፣ ቶሎ የክፍሉ አለቃ ሆነች። አንድ ኩራት ነበራት፦ «ከእኔ ክፍል የወጣ ካርቶን ተመልሶ አያውቅም!» ትላለች ደረቷን ነፍታ። «መፈተኛ ክፍል ያለችው ደግሞ የገዛ እህቴ ናት፤ እሷ ለአባቷም አታዳላም!» እውነቷን ነው፣ አታዳላም ነበር። ካርቶኖቹም ከስንት ጊዜ ወዲህ ተመልሰው አያውቁም።

ታዲያ በዚያ ዓመት የማሳያ ክፍሉ ሴት ባሏን ተከትላ ልትሄድ ነው ተባለ። ማሳያ ክፍሉ የፋብሪካው ግንባር ነው፤ ፊቱ ሁሉ መስታወት፣ ከመስታወቱ ወዲያ መንገድ። ሥራው መኪኖቹን መደርደርና ገዢ ሲመጣ ማነጋገር ብቻ ነው። ወሬውን ስትሰማ እትዬ በሩን ዝጉ እጇ ላይ የነበረችው መኪና አመለጠቻት። ፍርሃት ነው ደስታ ለራሷም አልገባትም። በማግስቱ ነጠላዋን አስተካክላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ፣ አስቸግሬዎት አላውቅም» አለች። «አሁን ግን ያንን ቦታ ለእኔ ይስጡኝ። ብርሃን አማረኝ።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ አያት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰውን ከቦታው ማንሳት ግን ጥርስ እንደመንቀል ይከብደዋል። «አንቺ ከዚያ ከወጣሽ እኔን ምን ይውጠኛል?» አለ። ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እንደማትወጣ ሲያይ «ይሁን እሺ፣ እሺ። የምትተካሽን ልጅ አሠልጥኚና ውጪ» አላት። በሩን ዘግታ እስክትወጣ ድረስ እንባዋን ያዘች፤ ኮሪደሩ ላይ ግን ለቀቀችው።

አዲሷ ልጅ ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ነበረች። ልቀቂ እንጂ አትግፊ ተባለች፣ ገባት። በሩን ዝጊ ተባለች፣ እሱም ገባት። እትዬ በሩን ዝጉ ግን የያዛት ይሉኝታ ነው። «ለሰው ልጅ የቆሸሸ ቤት አስረክቤ አልወጣም» ብላ ክፍሉን ጠረገች፣ ጣውላውን ወለወለች፣ በመጨረሻም ያንን አሮጌ ምንጣፍ ጠቅልላ ተሸክማ ዕቃ ቤት ወሰደችው። «አዲስ ስጡኝ» አለች።

የዕቃ ቤቱ ሽማግሌ ሳቁባት። «ዘመንሽን በሙሉ በዚህ ኖረሽ ልትወጪ ስትይ ቆሸሸብሽ?» አሉ። ቢሆንም ጓዳ ገብተው ድሮ ከዚያው ጥቅል የተረፈ፣ ያልተዘረጋ ምንጣፍ ቆርጠው ሰጧት። ዘረጋችው። ቀዩን መስመር በድሮው ቦታ፣ ልክ በግድግዳው ምልክት ትይዩ አሰመረችው። አንዲት መኪና እንኳ ለቅቃ አልሞከረችም። ምኑን ትሞክረዋለች፣ ምንጣፍ ምንጣፍ ነው! እንዲህ አድርጋ በገዛ እጇ ለራሷ ጉድጓድ ቆፈረች።

የማሳያ ክፍሉ የመጀመሪያ ጠዋት፣ ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ጠዋት ነበር! መኪኖቹን የደረደረችው በአንድ ዓይኗ ነው፤ ሌላው ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር። አንድ ሰውዬ የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ ከራሱ ጋር ይጨቃጨቃል። አንዲት ሴት ታክሲ በር ላይ ቆማ ከወያላው ጋር ትሟገታለች። የፀሐዩ ብርሃን ቀስ እያለ ወለሉን አቋርጦ እግሯ ድረስ መጣ። ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ብርሃኑ ውስጥ አስቀመጠች። ማንም አላያትም፤ ቢያያትም ግድ አልነበራትም። ደስ አላት። ከስንት ዘመን በኋላ፣ ደስ አላት።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሥራ አስኪያጁ በውስጠኛው በር ገባ። ፊቱ ጠቁሯል። «ነይ እስቲ» አላት።

መፈተኛ ክፍሉ ውስጥ የተመለሱ ካርቶኖች ግድግዳውን ተደግፈው እስከ መብራቱ ተቆልለዋል። አዲሷ ልጅ ጥግ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። «አንዷም አታልፍም» አለች በሹክሹክታ። «እግዜር ያውቃል፣ እንዳሉኝ ነው የለቀቅኳቸው።»

ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘጋና «ከሁለት አንዱ ነው» አለ። «ወይ ልጅቷ አትችልበትም፣ ወይ ጎማ ክፍሉ ተኝቷል። ጎማ ክፍሉ ከሆነ ዛሬውኑ አለቃዋን አባርራታለሁ። በዚህ ቀልድ አላውቅም። እስቲ አንቺ ልቀቂ።»

አለቃዋ ማን ናት? ሚጣ ናት።

እትዬ በሩን ዝጉ አንዲት መኪና አነሳች። አናቱ ላይ አስቀመጠች፣ ለቀቀች። መኪናዋ እንደ ወትሮው ተንደርድራ ወረደች፣ ምንጣፉ ላይ ወጣች፣ ከዚያ ዝግ፣ ዝግ አለችና ከመስመሩ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ከንፈሩን ነከሰ። እሷ ያኔ ስለ ምንጣፍ አላሰበችም፣ ስለ ሰበቃም አላሰበችም። ዳሱ ውስጥ የምትስቀው እህቷ ናት የታየቻት፤ ጎማ መምቻዋን አስቀምጣ፣ ልብሷን ይዛ፣ በሴቶቹ ፊት ስትወጣ ታየቻት።

ሁለተኛዋን መኪና አነሳች። «የመጀመሪያዋ ትንሽ ጠማማ ሳትሆን አትቀርም» አለች። አናቱ ላይ አስቀመጠች። ስትለቃትም በሌባ ጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገቻት። ትንሽ ግፊት ናት፣ ዓይን አያያትም። መኪናዋ ቀዩን መስመር አልፋ ሄደች።

«አየሽ!» ብሎ ጮኸ ሥራ አስኪያጁ፣ ሊያቅፋት ምንም አልቀረው። ሦስተኛዋንም አሳለፈች፣ አራተኛዋንም። «አላልኩም? አላልኩም እኔ! ይቺ እጅ ወርቅ ናት! እንግዲህ ይቅርታሽን፤ ይህን ክፍል ካላንቺ የሚይዘው የለም። የማሳያ ክፍሉን ለልጅቷ እሰጣታለሁ፣ እዚያ እጅ አያስፈልግም።»

ልጅቷም ዓይኗን ጠርጋ ሄደች። ሰው ሁሉ «እጇ አይረባም» እያለ ቀለደባት፤ ቀልዱ ለብዙ ጊዜ አልለቀቃትም። ወርቅ የተባለችው ሴት ደግሞ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ብርሃን ውስጥ ያስቀመጠችው እግሯ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሻይ ሰዓት ላይ ዕቃ ቤት ሄደች። የዕቃ ቤቱ ሽማግሌ አሮጌውን ምንጣፍ አልጣሉትም፤ ጠረጴዛቸው ሥር እግራቸው እንዳይበርዳቸው አንጥፈውታል። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዳሰሰችው። ዳሩ ላይ ጸጉሩ እንዳለ ነው። መሃሉ ላይ ግን፣ ጎማዎቹ ለዓመታት በተመላለሱበት፣ ሁለት ራሰ በራ መስመሮች ተጋድመው ነበር። ልሙጥ፣ እንደ ሳህን። ጎማን የሚይዝ አንዲት ጸጉር የለባቸውም።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መሐንዲሱ ያላት ሁሉ አሁን ገባት። ከፍታው አልተለወጠም፣ መስመሩም አልተለወጠም። በየቀኑ የምትለቃቸው መኪኖች ራሳቸው ምንጣፉን ፈትገው ፈትገው ሰበቃውን ጨረሱት። ከዚያ በኋላ ያለፈው ሁሉ ያለፈው ጥሩ ሆኖ ሳይሆን የሚይዘው ስላጣ ነው። የምትፈትነው እሷ ሆና፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ፈተና የሚባል ነገር እንዳልነበረ ማን ያውቃል!

«አመመሽ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«የለም አባባ፣ ደህና ነኝ» አለች። ተነስታም ወደ ክፍሏ ሄደች፣ በሩን ዘጋች።

የዚያን ሰሞን ኑሮዋን ኑሮ ብላችሁ አትጥሩት። በየካርቶኑ አንድ ግፊት። ስትለቅ ግፊት፣ ስትለቅ ግፊት። ድሮ ክፍሉ ነበር የሚይዛት፤ አሁን ጣቷም ያዛት። ብትናገር ጥፋቱ የጎማ ክፍሉ ይሆንና ሚጣ ትባረራለች። ባትናገር ከዚያ ክፍል ሞታ ካልሆነ አትወጣም፤ ደግሞም የማይሄድ መኪና ለሰው ልጅ መላክ አለ። እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ አልወርድ አላት። የሥራ አስኪያጁ ምስጋና ደግሞ ከስድብ ባሰባት። ባለፈ ባገደመ ቁጥር በሩን ገርበብ አድርጎ «የእኔ ወርቅ!» ይላታል። «በሩን!» ትለዋለች፤ ዘግቶ ይሄዳል።

ሁለቱ እህትማማቾች የሚኖሩት በመጋረጃ በተከፈለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ልብስ ያጥባሉ፤ ትልቋ ታሻለች፣ ሚጣ ታለቀልቃለች። በአንዱ እሑድ ሚጣ ድንገት «እታለም፣ ለምን ተመለስሽ?» አለቻት። «ያን ያህል አምሮሽ፣ ለመንሽ፣ ወጣሽ። ጠዋት ወጥተሽ ለምሳ ተመለስሽ። እኔ ክፍል ያሉት ሴቶች ‹ምነው፣ ጨለማ ለመደች እንዴ› እያሉ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ!» አለች ትልቋ፣ ያልለመደባትን ጮኻ። «አርፈሽ እጠቢ!»

ሚጣ ያለቀለቀችውን አንሶላ ይዛ ቆመች። እህቷ ጮኻባት አታውቅም። «ምን አደረግኩሽ?» አለች።

ትልቋ ከዚያ በኋላ መያዝ አልቻለችም። በአረፋ እጇ ዓይኗን እየጠረገች፣ ሳሙናው እያቃጠላት፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ምንጣፉን፣ ራሰ በራ መስመሮቹን፣ ጣቷን። ሚጣ እስከ መጨረሻው ሰማች። አንሶላውን ጨመቀችው፣ እንደገና ጨመቀችው፣ የሚወጣ ውሃ ካለቀ በኋላም ጨመቀችው። «እንግዲያው አንድም ካርቶን ተመልሶብኝ የማያውቀው…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችም።

በማግስቱ ቁርስ ሰዓት ላይ ሚጣ መፈተኛ ክፍል ገባች፤ በሩን ከኋላዋ ራሷ ዘጋች። «አንዷን ልቀቂልኝ» አለች። «እንዳትገፊ።» እህቷ ለቀቀች። መኪናዋ ከመስመሩ መለስ ብላ ቆመች። ሚጣ አንስታ አገላበጠቻት፣ ጎማዋን በጣቷ አሽከረከረችው፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠችው። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«ሻማው!» አለች። «እታለም፣ ሻማው! እኔ ስቀጠር ዘንጉን ሳናስገባ ጫፉን በሻማ እናሸው ነበር። ሥራ ሲበዛ አንዷ ተወችው፣ ምንም አልተመለሰም። ሌላዋም ተወችው፣ ምንም አልተመለሰም። አለቃ ስሆን እኔም ‹ተዉት፣ ይሄ የድሮ ሰው ልማድ ነው› አልኩ።» ከሽርጧ ኪስ የሻማ ቁራጭ አወጣች፤ ዘንጉን ነቅላ አሸችው፣ መልሳ ገጠመችው። መኪናዋን ራሷ አናቱ ላይ አስቀምጣ ለቀቀቻት። መኪናዋ ያለ ማንም ጣት፣ በዚያ ጸጉራም ምንጣፍ ላይ፣ ቀዩን መስመር አልፋ ሄደች።

ትልቋ እህት ሳቀች። ሻማ! ይኼ ሁሉ ጭንቅ ለሻማ! «በይ ዝም ብላችሁ ሻማውን ቀቡ፣ እኔም ጣቴን አሳርፋለሁ፤ ማንም ሳያውቅ ያልፋል» አለች።

«ያለፉትስ?» አለች ሚጣ። «ያቺስ ልጅ? እጇ አይረባም የተባለችው? አንቺስ?» መልስ አልጠበቀችም። ወጥታ ሄደች፤ በሩንም አልዘጋችውም።

ትልቋ ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው። ሮጣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትደርስ ሚጣ ቆማ ተናግራ ጨርሳለች። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ያሻል። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ቁጣ አልነበረም። የደከመው ሰው ነበር የሚመስለው።

«እህትሽ ራሷን ከሰሰች» አለ። «አንቺ በጣትሽ ደግፈሻት፣ እሷ በአፏ ራሷን ጣለች። ምን ላድርጋችሁ? ሁለታችሁንም ባባርር ነገ ማን ይሠራል? ያቺን ልጅ ወደ ማሳያ ልኬ ቀለዱባት፤ ወደ መፈተኛው ተመለሺ ለማለት ፊት የለኝም፣ የጎማ ሥራ እንድትማር ዳሱ ውስጥ ቦታ እሰጣታለሁ። መፈተኛውን ግን አሁን ለማን ልስጥ? አንቺን አላምንሽም፤ ይቅር በይኝ፣ ከእንግዲህ አላምንሽም።»

«እኔ እገባለሁ» አለች ሚጣ።

«እኔ በቁሜ አይሆንም!» አለች ትልቋ። «ጋሼ፣ አይስሟት! እሷ ዝግ ቤት አትችልም፤ ልጅ ሆና ቁም ሳጥን እንኳ ሲዘጋባት ትጮህ ነበር። እኔ ለምጄዋለሁ። እኔ…»

«የራሷን ካርቶን በራሷ አፍ የከሰሰች ሰው ካልፈተነች ማን ይፈትን?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። አሰበ፣ አሰበና መነጽሩን አደረገ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ኮሪደሩ ላይ ትልቋ የእህቷን ክንድ ይዛ ነቀነቀቻት። «ማን ለምኖሽ ነው? ማን ግቢ አለሽ? ለዚህ ነው ያሳደግኩሽ?»

«አዎ ለዚህ ነው» አለች ሚጣ። ልትስቅ ሞከረች። «ዕድሜሽን በእኔ ጨረስሽ እታለም። ትንሽ ደግሞ እኔ ልቀመጥ። ሲሰለቸኝ እወጣለሁ፣ ምን ቸገረኝ!» ሁለቱም ያ ክፍል ሲሰለች የሚወጡት እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

እትዬ በሩን ዝጉ ይኸው ልጅቷ የለቀቀችው ማሳያ ክፍል ገባች። መስታወቱ ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። ፀሐዩ በሰዓቱ ወለሉን አቋርጦ መጣ፤ ጫማዋን ግን አላወለቀችም። ገዢዎች ይገባሉ፣ «ጥሩ ትሄዳለች?» ብለው ይጠይቃሉ። «በደንብ» ትላለች፤ አሁን እውነት ነው። ካርቶን መመለስ ተጀምሯል፣ ሻማውም ተመልሷል። ብቻ ጆሮዋ ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮሪደሩ ነው። ዳሱ ውስጥ የሴቶቹ ሳቅ ሲነሳ የሚጣን ድምፅ ትፈልግና ታጣዋለች። ለነገሩ ሴቶቹ ሚጣን ለምሳ መጥራት ትተዋል። ትናንት አለቃቸው የነበረች ዛሬ ካርቶናቸውን የምትመልስባቸው ሆና እንዴት ይጥሯት!

ስለዚህ እሷው ልትጠራት ወሰነች። ሳምንቱ አላለቀም ነበር። ምሳ ዕቃውን ይዛ፣ «ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ እንበላለን፤ እምቢ ብትል እጎትታታለሁ» እያለች ኮሪደሩን አቋረጠች። በሩን ከፈተችው።

ሚጣ ጀርባዋን ሰጥታ በርጩማው ላይ ጎንበስ ብላለች። አንዲት መኪና ጣውላው አናት ላይ በጣቶቿ መካከል ይዛለች። ነጩ መብራት ፀጉሯ ላይ ያርፋል። ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

«በሩን ዝጉ!» አለች። «ኧረ በሩን!»

የትልቋ እጅ ከሐሳቧ ቀደመ። በሩን ሳበችው፣ ዘጋችው። ምሳ ዕቃውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ከውስጥ መኪናዋ ስትለቀቅ ሰማቻት፤ ተንደረደረች፣ ምንጣፉ ላይ ወጣች፣ ዝግ አለች፣ ቆመች። መስመሩን እንዳላለፈች በድምፅዋ ብቻ አወቀች። ከዚያ ሚጣ በረጅሙ ስትተነፍስና ካርቶኑን ወለሉ ላይ እየጎተተች ወደ ተመላሾቹ ስትወስደው ተሰማት።